ሊያግዙኝ የመጡት ሽማግሌ

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። ዳላስ አጠገብ ዩለስ፣ እኔው ቤት፣ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ... በጠራራ ፀሐይ።

ሀሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ ዳላስ እስኪደርስ ጉልበቱ ያልቃል ሲሉ ሰምቼ ተዘናግቼ ነበር። ለካ ጉልበቱን ለእኔ ጣራ ነው የቆጠበው! ጣራው ተገነጠለ፤ ምንጣፉ ሲረገጥ ውሃ ይተፋል።

ባለቤቴ በየነ ጭነት ይዞ ኦክላሆማ ሄዷል። ቤት ያለነው እኔና የአምስት ዓመቷ ልጄ ሐዳሳ ብቻ ነን።

የቸርች ሰዎች ሊያግዙኝ መጡ። አስተባባሪያቸው ሲላስ ነው። ጸልየን ሥራ ጀመርን። ወንዶቹ ውሃ የጠጣውን ግድግዳ ከሥር ከሥሩ እየቆረጡ ያወጣሉ።

ግማሾቹን አላውቃቸውም። ሊያግዝ የመጣን ሰው ደግሞ «አንተ ማነህ?» አይባልም። ነውር ነው።

መሃላቸው አንድ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ።

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ ይረፉ» አልኳቸው።

«ግድ የለም» አሉኝ በሹክሹክታ።

ሌላው ሁሉ «ምሥራቅ፣ ይሄ የት ይቀመጥ?» እያለ ያደክመኛል። እሳቸው ግን ምንም አይጠይቁም። በየነ እንኳ ፈልጎ የሚያጣውን፣ ከኮቶቹ ጀርባ ያለውን የመብራት ሳጥን ሄደው ከፈቱ። የሐዳሳን ክፍል ኮረንቲ ብቻ አጠፉ።

ደስ አላለኝም። ግን ምን ልበል? ሊረዱኝ የመጡ ሰው ናቸው።

ከዚያ ሌላ ነገር አየሁ...

ሰው ሁሉ የራሰ ዕቃ ወደ ውጪ ይጥላል። እሳቸው ሐዳሳ ክፍል ገብተው ልብሷን እየለቀሙ ያጥፋሉ። ሹራቧን። ካልሲዋን። የጥርስ ብሩሿን ሳይቀር... ሻንጣ ውስጥ።

«አባባ፣ ይሄ ለምንድነው?»

«መንገደኛ አይደለች?» አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ሲላስን እየጎተትኩ ኩሽና አስገባሁት።

«እኚህ ሽማግሌ ከማን ጋር ነው የመጡት?»

ሲላስ ሳቀ። «አባትሽ አይደሉም እንዴ? የቤቱን ጓዳ ጎድጓዳ ያውቁት የለ!»

«አባቴ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ማለቴ... እኛ ስድስት ነን። በአንድ ቫን ነው የመጣነው። እሳቸውን እዚሁ ነው ያገኘናቸው።»

ሐዳሳ!

ኮሪደሩን እንዴት እንደሮጥኩት አላውቅም። ክፍሏ ተዘግቷል። ከውስጥ ትስቃለች። ሲላስ በሩን በትከሻው ገፍቶ ከፈተው።

ሽማግሌው የሉም። ሻንጣውም የለም። መስኮቱ እንደተቆለፈ ነው።

ልጄ መሬት ላይ በሆዷ ተኝታለች። ግድግዳው በተቆረጠበት ክፍተት ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከታዋለች።

«ሐዳሳ፣ እጅሽን አውጪ!»

«ማሚ፣ ዌይት...» አለች። «እጄን ይዞኛል።»

ወገቧን ይዤ ጎተትኩ። ከውስጥም... ጎተተ።

«ኢየሱስ!» ብዬ ጮህኩ። ሲላስ እግሯን ያዘ። ድንገት ተለቀቀችና ሦስታችንም ወደ ኋላ ወደቅን።

ግድግዳውን በመዶሻ አፈረስነው። እንጨትና ጡብ ብቻ ነው። መሃሉ ድመት እንኳ አያስገባም።

በዚያው ዕለት ቤቱን ለቀን ወጣን። አሁን ዳላስ ውስጥ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራይተናል። ልጄን አላጣኋትም፤ ጠዋት ማታ አመሰግናለሁ።

ግን መንገድ ስንሻገር አንድ እጇን ለእኔ ትሰጠኛለች። ሌላኛውን ጨብጣ ወደ ላይ ከፍ ታደርገዋለች... የትልቅ ሰው እጅ በሚደርስበት ልክ።

ትናንት ባቡር ሊያመልጠን ሆነና ሳብ አደረግኳት።

አልመጣችልኝም። ዞር ብዬ አየኋት።

ሁለቱም ክንዶቿ ግራና ቀኝ ተወጥረዋል።