የሚታይሽን ብቻ

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ መንገዱን መሸምደድ ነበረባት። ሚጣ ከሚኒባሱ በር ተራራው አናት ላይ እስከተተከሉት ቴሌስኮፖች ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። መጀመሪያ ጃኬቷን ረስታ ነው፤ ቀጥሎ የውሃ ጠርሙሷን። በሦስተኛው ሰበብ ስላለቀባት ዝም ብላ ተመለሰች። ሃያ ስድስት እርምጃ ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ በርጩማ የምታክል ጥቁር ድንጋይ፣ ድንጋይዋን በግራ በኩል አልፎ ዐሥራ አንድ እርምጃ ሽቅብ። በስተቀኝ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነው። እሳቱ ማንም በማያስታውሰው ዘመን ጠፍቷል፤ አሁን የቀረው ቁልቁል የተደፋ ጥቁር ጠጠርና ከታች የሚያቃስት ነፋስ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ አያርፍም እንዴ?» አላት ወንድሟ ማሙሽ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የእሱም አፍ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም።

«በርዶኝ ነው። ለመሞቅ ነው የምሄደው።»

ውሸቷን ነበር። ሚጣ ጨለማ ውስጥ አይታያትም። ማንስ ያያል የሚል አይጠፋም፤ ግን ሌላ ሰው መብራት ሲጠፋ ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ይለምዳል፣ የወንበሩን ጥላ፣ የበሩን ጠርዝ መለየት ይጀምራል። የእሷ ዓይን አይለምድም። ፀሐይ ከጠለቀች በቃ፣ ቀኑ ያልቃል። ይሄ ከጀመራት ዓመት አልፎታል፤ ለማንም አልተናገረችም።

ቤት ውስጥ ችግሩ ቀላል ነው። የደረጃውን ቁጥር ታውቃለች፣ የትኛው ወንበር የት እንዳለ ታውቃለች። መብራት ከሄደ እንቅልፌ መጣ ብላ ባለችበት ጋደም ትላለች። አንዳንዴ ብርጭቆ ሲያመልጣት፣ ወይም የተዘጋ በር ግንባሯን ሲመታት፣ እናቷ «ቀልብሽን ሰብስቢ እንጂ!» ትላታለች። ሚጣም ቀልቧን ለመሰብሰብ ቃል ትገባለች።

ለምን አትናገርም? ከጓዳው አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል አክስቷ ስላሉ ነው። የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው። ዛሬ ዛሬ መንጋቱን የሚያውቁት መዳፋቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው፣ መስታወቱ ሲሞቃቸው ነው። የሳቸውም ነገር የተጀመረው እንዲሁ ነበር አሉ፤ ሲመሽ መደናቀፍ፣ ዕቃ መስበር፣ «ምን ዓይነቷ ዝርክርክ ናት» መባል። ሚጣ አክስቷን ክንዳቸውን ይዛ ስንት ጊዜ ወደ መታጠቢያ ቤት እንደወሰደቻቸው ቁጥር የለውም። የራሷን ነገር ካልተናገረችው እውነት የማይሆን ይመስላታል።

ይባስ ብሎ አባቷ መነጽር ሠሪ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ በአንዱ ግድግዳ የመስታወት መሳቢያዎች፣ በሌላው የፊደል ሰንጠረዥ። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር አለ። «የሚታይህን ብቻ ተናገር። የገመትከውን ለራስህ አስቀረው።» ሌላም ዘዴ አለው። ጓደኛቸው መነጽር ስላደረገ ብቻ ራሴን አመመኝ እያሉ የሚመጡ ልጆች አሉ። እነሱን ቁጥር የሌለው ባዶ መስታወት ያደርግላቸውና «አሁንስ?» ይላል። «ወይኔ፣ ጥርት አለ!» ይላሉ። አባቷም ወደ ልጁ እናት ዞር ብሎ፣ «ልጅዎ ደህና ነው፤ የያዘው ቅናት ነው፣ እሱን ደግሞ እኔ አላክምም» ይላል። ሚጣ ድሮ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ይህን ስታይ ሳቋን መቆጣጠር ያቅታት ነበር።

ይህ ሰው ሽርሽር አይወድም። ከሳምንት በፊት ግን ራት ላይ፣ ከመሬት ተነስቶ፣ «ትምህርት ተዘግቷል፤ ተራራ ወጥተን ለምን ኮከብ አናይም?» አለ። ዛሬ ጠዋትም ሱቁ በር ላይ «ለዛሬ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ሚጣ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብላ ሞክራ ነበር። «እንግዲያው ሁላችንም እንቀራለን» አላት። የማሙሽ ፊት ሲጠቁር አየችና ሆዴ ተሻለኝ አለች።

ጨለማው መጣ። መጀመሪያ ድንጋይዋ ጠፋች፣ ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያ የገዛ እጇ። አስጎብኚው፣ ቀኑን ሙሉ ቀይ ኮፍያውን ያላወለቀ ረጅም ሰው፣ «በሉ ስልካችሁን አጥፉ፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ታገሡ» አለ። ሌሎቹ ስድስት ጎብኚዎች መንሾካሾክ ጀመሩ። ቀስ በቀስ ሹክሹክታው ወደ አድናቆት ተለወጠ።

«ሚጣ፣ እዪ! ስኳር የተደፋ ነው የሚመስለው!» ማሙሽ እጅጌዋን ጎተተ።

አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች። ላይም ታችም አንድ ነበር።

«አዎ» አለች። «ብዙ ነው።»

ትልቁን ቴሌስኮፕ አስጎብኚው ያዘ። አባቷ የመስታወት ሰው መሆኑን ቀን ላይ ሰምቶ ስለነበር፣ «እርስዎማ ባለሙያ ነዎት፣ ትንሹን ይያዙልኝ» አለው። አባቷ እንደ ልማዱ መስታወቱን ሁለት ጊዜ ሲጠርገው የጨርቁ ድምፅ ተሰማት። ማሙሽ ቀድሞ አየ።

«ሰማያዊ ናቸው! አንድ፣ ሁለት... ሰባት! አንዷ ከሁሉም ትደምቃለች!»

«በል አሁን ሂድና ትልቁ ጋ ተሰለፍ» አለው አባቱ። የማሙሽ ጫማ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ራቀ። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማች። «ነይ ሚጣ፣ ተራሽ ነው።»

እየዳበሰች ዓይኗን አስጠጋች። ብረቱ በረዶ ሆኗል። ውስጡ ጥቁር ነበር፤ እሷ የጠበቀችውም ጥቁር ነው።

«ታየሽ?»

«አዎ።»

«ምን ታየሽ?»

«ሰማያዊ ናቸው» አለች ከማሙሽ በተበደረችው ቃል። «ሰባት። አንዷ ከሁሉም ትደምቃለች።»

«ጥርት ብለው?»

«ጥርት ብለው።»

ቀና ብላ ፊቱ ይኖርበታል ወዳለችው አቅጣጫ ዞረች።

«ሚጣ» አለ ቀስ ብሎ። «ክዳኑ አልተነሳም።»

ወዲያውም፣ ፈጠን ብሎ፣ «ረስቼው ነው። ማሙሽ ካየ በኋላ አቧራ እንዳይገባ ብዬ ከደንኩት፣ ከዚያ ረሳሁት» አለ።

መውጫ በር እየከፈተላት ነበር። «አንተን ለማስደሰት ብዬ እኮ ነው» ብትለው ይበቃል። አብረው ይስቃሉ፣ ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ ነገም ደረጃውን ትቆጥራለች። ነገር ግን አባቷ ክዳን የሚረሳ ሰው አይደለም። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እየጠበቀው እንኳ እያንዳንዱን መስታወት ወደ መሳቢያው ሳይመልስ አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ባዶው መስታወት ትዝ አላት። የተዘጋው ሱቅ፣ ከመሬት የተነሳው ሽርሽር፣ ማሙሽን ማራቁ፣ ሁሉም ገባት።

«እንደነዚያ ልጆች ፈተንከኝ» አለች። «እኔን!»

«ሱቅ ውስጥ ማድረግ አቃተኝ።» ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «ሦስት ጊዜ ወንበሩ ላይ ላስቀምጥሽ ብዬ ተውኩት። ቀን ቀን ሰንጠረዡን እስከ ታች ታነቢዋለሽ። ማታ ደግሞ ግድግዳ ይዘሽ ስትሄጂ አይሻለሁ። ከተማ ውስጥ እውነተኛ ጨለማ የለም፤ አንዱ መስኮት ሁሌ ያበራል። ስለዚህ እዚህ አመጣሁሽ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አሁን ዓይንሽን ስታስጠጊ ምን እያልኩ እንደምጸልይ ታውቂያለሽ? "አባዬ፣ ምንም አይታይም፣ ክዳኑን አንሳው እንጂ" በይኝ እያልኩ ነበር። ደህና የሆነ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው።»

ነፋሱ ከገመዱ ማዶ እየመጣ ጆሯቸውን ሞላው። ከትልቁ ቴሌስኮፕ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። ሚጣ አክስቷን አሰበች፤ መስኮቱ ላይ የሚያርፈውን መዳፍ። ፈራች። ዓመት ሙሉ ስትፈራ ቆይታለች፤ እንዲህ ግን ፈርታ አታውቅም።

«ክዳኑ ቢነሳም ያው ነው፣ አባዬ።»

አባቷ አይዞሽ አላላትም። ጠጠሩ ላይ ሲቀመጥ ሰማችው፤ ቆሞ መቀጠል ያቃተው ይመስላል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና።»

«አምና!» አለ ለራሱ። «የሰው ዓይን ሳይ ስውል...»

«እንደ አክስቴ ነው?»

«አላውቅም። እኔም የሚታየኝን ብቻ ነው የምናገረው፤ ይሄ ደግሞ ለኔ አይታይም። ሐኪም ነው የሚያየው።» ከዚያ፣ «ሰኞ» አለ።

«ሰኞ ሱቅ አለህ።»

«ሰኞ» አለ ደግሞ።

ተነስቶ ክዳኑን አወጣው። ያው ቀጭ የሚል ድምፅ ነበር። «ነይ፤ አሁን ረጋ ብለሽ እዪ» አላት፤ «ማንም አይቸኩልም።»

ቆማ አየች። ለረጅም ጊዜ ጥቁር ብቻ ነበር። ዓይኗን በጣም ቀስ አድርጋ ስታንቀሳቅስ አንድ የብርሃን ነጥብ ብቅ አለች፣ ጠፋች፣ ተመልሳ መጣች። እስትንፋሷን ይዛ ጠበቀቻት።

ማሙሽ እያለከለከ ደረሰ። «በትልቁ አየሁ! ሚጣ፣ አንቺስ ስንት አየሽ?»

ቁጥሩን ታውቀዋለች። ራሱ ነው የነገራት።

«አንድ» አለች።

«አንድ ብቻ? እኔ ሰባት!»

«እኔ አንድ ናት የታየችኝ። እሷም ትንሽ ናት።»

ማሙሽ ሊስቅ አፉን የከፈተ መሰላት፤ ግን አልሳቀም። አባቱ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየው ሚጣ አላየችም።

አስጎብኚው ወደ ሚኒባሱ እንዲመለሱ ተጣራ። መንገዱን ታውቀዋለች። ዐሥራ አንድ እርምጃ ቁልቁል፣ ድንጋይዋ፣ ከዚያ ሃያ ስድስት። ለብቻዋ ብትወርደው ማንም አያውቅባትም ነበር። እጇን ወደ ጨለማው ዘረጋች።

«አባዬ፣ ያዘኝ።»

መዳፉ ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን አጥብቆ ያዛት። ከልማዷ የተነሳ መቁጠር ጀመረች። አራተኛው እርምጃ ላይ መቁጠሩን ተወችው።