ጋሪው ካልገባ

ሰርክአዲስ አዝመራውን ያወቀችው ሲያሸንፋት ነው።

ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ዳንግላ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ራሷ በጻፈችው ትንሽ የቼዝ ፕሮግራም ደንበኛ ታጫውታለች። አንድ ቀን ጋሪውን በር ላይ ያቆመ ረጅም ወጣት ወረቀት ሊያባዛ ገባና ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

«ምነው፣ ዳማ ትችላለህ?» አለችው በንቀት።

«ዳማውማ ውጭ ቆሟል» አለ፣ ዳማ ፈረሱን በአገጩ እያመለከተ። «ይሄ ቼዝ ነው።»

ሦስቴ ተጫወተ፤ ፕሮግራሟን ሦስቴ አሸነፈ።

«ሜዳው ጠበበኝ» አለ ሲነሳ። «ፈረስ እንዲህ ታፍኖ ይጋለባል? አሥር በአሥር አድርጊው።»

«በየወገኑ የሚጨመሩት ሁለቱ ጠጠሮችስ ምን ይሁኑ?»

«ጋሪ ይሁኑ። እንደ ፈረስ ይዘላል፣ እንደ ግንብም ቀጥ ብሎ ይሮጣል።»

ተናደደች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

በሳምንቱ ሲመጣ ጨርሳ ጠበቀችው። «ኮዱ ውስጥ የረድፉ ስፋት ድሮም አሥር ተብሎ ተጽፏል፤ እሱን አልነካሁትም» አለች እየተኩራራች።

አምስተኛው እርምጃ ላይ የፕሮግራሙ ፈረስ ከቀኝ ጠርዝ ዘለለና በግራ ጠርዝ ብቅ አለ።

አዝመራው በሳቅ ፈረሰ። «ሰርኬ፣ ፈረስሽ ገደል ገብቶ በማዶ ተነሳ!»

ሰርኬ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ፊቷ ጋለ። ኮዱን ገልጣ አየች፤ ለእሱም አሳየችው። ድሮ የመጫወቻው ረድፍ ስምንት ቤት ነበር፤ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ አጥር ተጨምሮበት ነው አሥር የሆነው። ፈረሱ እንዳያልፍ የሚያግዱት እነዚያ ሁለቱ ነበሩ፤ አሁን ግን እነሱም መጫወቻ ቤት ሆነዋል።

«አጥሩን አርሰሽዋል» አላት።

«እንግዲህ ስፋቱ...»

«አሥራ ሁለት!» አሉ ሁለቱም እኩል። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

አባቷ አቶ ገብረ ማርያም በፈረስ በዓል የሚታወቁ ፈረሰኛ ናቸው። ከወራት በኋላ ጋሪ ነጂውን አዝመራውን ላገባ ነው ስትላቸው ጆሯቸው ከ«ጋሪ» አላለፈም።

«ፈረስ ጋሪ ላይ የሚጠምድ ሰው ፈረስ አያውቅም! ልጄን ለጋሪ ነጂ አልሰጥም።»

«እኔ የሚሰጥ ዕቃ ነኝ እንዴ፣ አባዬ?»

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች አዝመራው ራሱ በሚነዳው ጋሪ መጡ። አቶ ገብረ ማርያም የቀርከሃ አጥራቸው በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«እናንተ ግቡ። ጋሪው ግን አጥሬን አያልፍም።»

ሽማግሌ ሲመጣ ልጅ ከጓዳ አትወጣም። ሰርክአዲስ ወጣች። በአባቷ ጎን አልፋ ጋሪው ላይ ተቀመጠች።

«ጋሪው ካልገባ እኔ እወጣለሁ።»

«ሰርኬ፣ ውረጂ» አላት አዝመራው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልወርድም። አንተም አታቀርቅር!»

አባቷ ተቆጥተው ወደ እሷ ተራመዱ። ዳማው ዘንድ ሲደርሱ ግን እግራቸው ዘገየ፤ የፈረሰኛ እጅ አላስችል አላቸው። የጋሪ ፈረስ ሁሉ የሚቆስልበትን የአንገቱን ሥር ዳበሱ። ቁስል የለም። ኮቴውን አንስተው አዩ። ንጹሕ ነው።

«አንገቱ ላይ ምን ታደርግለታለህ?»

«የበግ ቆዳ እደርብለታለሁ፣ ጋሼ። ዳገት ላይ ደግሞ ወርጄ እገፋለሁ።»

«ሰው ጭነህ?»

«እነሱም ይወርዳሉ። ይሰድቡኛል፤ ግን ይወርዳሉ።»

«እኛንም አውርዶናል እኮ!» አሉ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ አያ ደሴ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

አቶ ገብረ ማርያም ሳቃቸውን ዋጡት። «አንቺ ልጅ፣ ውረጂና ግቢ!»

«ጋሪው ሲገባ።»

ልጃቸውን አዩ፤ በሩን አዩ። ለጋሪ ይጠባል። ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ ምሰሶ ነቀሉ። ከዚያም ልጓሙን ከአዝመራው እጅ ተቀብለው ዳማውን ራሳቸው እየሳቡ አስገቡት፤ ሰርክአዲስ ጋሪው ላይ እንደተቀመጠች።

አዝመራው ከጎኗ እየተራመደ ቀና ብሎ አያት።

«አሥራ ሁለት» አላት በሹክሹክታ።