አፈር ያልነካው ካናቴራ

የሯጩ የነህምያ ሬሳ ዴራ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር እታገኘሁ ከአሰላ ተጠርታ ስትደርስ አላዘነችም፤ ሬሳ አይታ ማዘን ካቆመች ቆይታለች። በጎኑ መለስ አድርጋ ጀርባውን አየችና እጇን ታጠበች።

«ሲያመጡት ገላው ይፋጅ ነበር» አለች ነርሷ ሳምራ። «መርዝ ነው ይላሉ። እኔ እንጃ።»

መርዝ ያሉት አሰልጣኙ ይበልጣል ናቸው። ሁለቱን ሯጮቻቸውን፣ ነህምያንና ሌዊን፣ ከአሰላ ብርድ ወደ ዴራ ሙቀት አውርደው ያስሮጡ ነበር። የአትሌቲክስ ክለቡ ደግሞ ከሁለቱ የሚቀጥረው አንዱን ብቻ ነው። ጠዋት ለነህምያ በሶ በጥብጦ የሰጠው ተፎካካሪው ሌዊ ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር ነውና ፖሊሶች ሌዊን በካቴና አስረው በረንዳው ላይ አስቀምጠውታል።

«በሶውን አንተስ ጠጥተሃል?» አለችው እታገኘሁ።

«ከአንድ ኮዳ ነው የጠጣነው። ግን ማን ያምነኛል?»

«ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ፊት ፊት እየሮጥኩ ነበር። አላየሁም።»

የሟች እህት ፀዲ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እንባ የላትም። «ስቀሉልኝ» አለች ሌዊን ሳታየው፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው።

እታገኘሁ ወደ አሰልጣኙ ዞረች። «ነህምያ ምን ለብሶ ነበር?»

«ይቺኑ ካናቴራ ነዋ።»

«ወድቆ መሬት ላይ ቆየ?»

«መኪናዬን አምጥቼ እስካነሳው ድረስ አፈሩ ላይ ነበር።»

ሁሉንም አልጋው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ድምፅዋ ዘገባ የምታነብ ያስመስላት ነበር።

«ሱሪውን እዩት፤ ላብና አፈር ተገናኝቶ ጭቃ ሆኗል። ካናቴራውም በላብ ርሷል፤ ጀርባው ላይ ግን ቅንጣት አፈር የለም። እንግዲህ ሲወድቅ ከላይ ሌላ ልብስ ነበረው። ያንን ያወለቀው ከመሬት ያነሳው ሰው ነው። ሰው ሲሮጥ ሥጋው ይነዳል። የሚያበርደው ላቡ ነው፤ ላብም የሚያበርደው ነፋስ አግኝቶ ሲተን ነው። ከታፈነ ሰውየው በገዛ ሙቀቱ ይበስላል። ሌዊ፣ ምን ለብሳችሁ ነበር?»

«የላስቲክ ጃኬት። አሰልጣኙ ላብ ያውጣላችሁ ብለውን። እኔ መንገድ ላይ አወለቅሁት።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«አሰልጣኝ፣ መኪናዎን እንፈትሽ?»

ይበልጣል አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ወንበሩ ሥር ነው። ከሞተ በኋላ አወለቅሁለት። ፈራሁ።»

«ሲወድቅ ለምን አላወለቁለትም? ነፍስ ነበረው እኮ።»

«በላብ ተጠምቆ ነበር። እኛ አሰላ ላይ ላብ ያለው ሰው ከተገለጠ ብርድ ይመታዋል ስንባል ነው ያደግነው። እንዲያውም የራሴን ጃኬት ደረብኩለት።»

«ሌዊንስ ማሳሰርዎ?»

ይበልጣል ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እታገኘሁ ካቴናውን ከሌዊ እጅ አስፈትታ በአሰልጣኙ እጅ አስገባች።

«እኔም ብሆን ጃኬት እደርብለት ነበር» አለች ፀዲ።