ድምፁ እስኪመጣ

«ተነሺ እንጂ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!» አለ ፈታኙ መምህር። «ጸሐፊ ተመድቦልሻል። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እሱ ይጽፍልሻል።»

«ራሴ እጽፋለሁ» አለች ትንኝ፣ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ ሳታነሳ።

«ትንኝ» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው። አንድ ነገር ከያዘች ጆሮ ሥር እየጮኸች እንቅልፍ እንደምትነሳው ትንኝ ናት፤ ካላገኘችው ወይ ፍንክች! ዓይኖቿ አያዩም። የፈተናው ጥያቄዎች ያሉበት፣ ከፊቷ ያለው ኮምፒውተር በዕድሜ ታላቋ ሲሆን፣ ከጎኑ የተሰካችው ሳጥን ስክሪኑ ላይ ያለውን በማዳመጫ ታነብላታለች። ችግሩ፣ ሳጥኗ በራሷ አፍ አትፈታም። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱን የሚያግባባው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም፣ ትእዛዝ ተጽፎ መጫን አለበት። እስከዚያ ድረስ ትንኝ የጻፈችውን የሚነግራት የለም።

ቤት ትእዛዙን የሚጽፍላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። «እኔ እያለሁልሽ ምን አስጨነቀሽ?» ቢላት፣ «አንተ ፈተና ክፍል አትገባልኝ!» ብላ በቃሏ እስክትይዘው ድረስ ነዝንዛ ልቡን አወለቀችው።

አሁን ያንኑ ትእዛዝ ጻፈችና ኢንተርን ተጫነች። ድራይቨሩን የያዘው ዲስኬት ማሽኑ ውስጥ ግርር ብሎ ወዲያው ቆመ። ማዳመጫው ጭጭ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በአፍንጫው ለቀቀው።

ሊጽፍላት የተመደበው፣ ከእሷ በላይ ያለ ክፍል ተማሪ ወንበሩን አስጠግቶ፣ «ተበላሽቷል ባክሽ፣ ሙጭጭ አትበይ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ብጽፍልሽ እኮ፣ የሳትሽውንም ዝም ብዬ አስተካክልልሻለሁ። ማንም አያውቅም።»

የትንኝ ጆሮ ጋለ። ባለፈው ፈተና ይሄው ትምህርት ነበር የጣላት።

«ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?» አለችው።

«ስህተት ነው የሚለው።»

«የአንተን ትርጉም አይደለም የጠየቅኩህ። ቃል በቃል አንብብልኝ።»

«ኡፍ… ‹ፋይሉ አልተገኘም› ይላል።»

አልተገኘም! እንግዲያው ማሽኑ ደህና ነው፤ የተሳሳተችው እሷ ናት። በችኮላ ከፋይሉ ስም አንድ ፊደል ገድፋ ይሆናል። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁልፉን ዳብሳ እያረጋገጠች እንደገና ጻፈች። ኢንተር። ዲስኬቱ አሁን ረዘም ላለ ጊዜ አጉረመረመ። ሳጥኗ ጉሮሮዋን እንደምትጠርግ ሁሉ ተንኮሻኮሸችና በዚያ በተኮላተፈ ድምጿ፣ «ዝግጁ» አለቻት።

ትንኝ ጥርሷን አሳየች። ከእሷ ሌላ የሰማ አልነበረም።

ፈታኙ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «ይሠራል ማለት ነው? ጥሩ። ግን የባከነው ሰዓት አይጨመርልሽም፣ ልጄ። እሱ ቢጽፍልሽ ትደርሺያለሽ። በዚህ ግን አትጨርሺም።»

እውነቱን ነው። ሳጥኗ ስታነብ እያዘገመች ነው፤ የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ባዶ መቅረታቸው አይቀርም።

ልጁ በክርኑ ነካ አደረጋት። «ድርቅ አትበይ በቃ። ዘጠና ታመጪያለሽ።»

«ዘጠናውማ ያንተ ነው» አለች ትንኝ። «ወንበርህን ወዲያ ሳብልኝ፣ ክንዴ መላወሻ አጥቷል።»

ወንበሩ ወለሉን እየፋቀ ሲርቅ ሰማች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከፈተች።