«በፊት» ተብሎ የተሰቀለው ሆድ

የጂሙ ባለቤት ሻምፒዮን በቢሮው ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ሰውን በላብ አከሳለሁ ብሎ ከተማ ያታለለው ሰውዬ፣ ገመድ እንኳ ሳይዘል ሸሚዙ በላብ ርሶ ሞተ። ሐኪም ተብዬው ከበሩ ሳያልፍ «ልብ ነው» ብሎ ሄደ። ደረትን ነፍቶ ለመሄድ ነው የተማረው!

«ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ግን መሳቢያውን ስትከፍት ብዕር የሚመስል የማቅጠኛ መርፌ አገኘችና ወደ ላቦራቶሪ ላከችው። መልሱ መጣ፤ ውስጡ ያለው የማቅጠኛ መድኃኒት ሳይሆን የስኳር በሽተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን ነው። ፖሊሶቹ መርፌውን ከፋርማሲ የሚያመጣውን አሰልጣኝ ወዲያው በካቴና አሰሩት።

«ባልሽ ይወጋ ነበር?» አለቻት ወስፌ ሚስቲቱን።

«እሱ? በሩጫ ነው የከሳው!»

«ሟቹ ዋሽቶ ጨርሷል፤ አንቺ አትቀጥዪለት።»

«…በየሳምንቱ። ምግብ የሚያስጠላውን የሆርሞን መርፌ።»

አሰልጣኙ ያለቅሳል። «እኔ ያመጣሁት እንደታሸገ ነው! ጠዋት በቢሮው በር ሳልፍ ጋሼ ሲንተባተብ ሰማሁ። ልገባ ስል ወንድሙ ወጥቶ ‹ጠጥቶ ነው፣ ይተኛበት› አለኝ።»

«ይጠጣል እንዴ?»

«ውሃ እንኳ ለክቶ ነው የሚጠጣው!»

ወንድምየውን ሰፈሩ «በፊት» ይለዋል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ፖስተር «በፊት» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የእሱ ቦርጭ፣ «በኋላ» ከሚለው ሥር የሻምፒዮን ጡንቻ አለ።

ወስፌ ሁሉንም ፖስተሩ ሥር ሰበሰበች። ልትናገር ስትል ተንገዳግዳ ወንበር ያዘች።

«ላብ ላብ አለኝ… እጄ ተንቀጠቀጠ…»

«መስኮት ክፈቱ!» አለ አሰልጣኙ።

«ውሃ!» አለች ሚስቲቱ።

«በፊት» ግን ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ፣ ልጦ አቀበላት። እሷም ከረሜላውን ሳትቀምስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ደህና ነኝ። ለምን ከረሜላ?»

«ስኳሬ ሲወርድ እንዲህ ያደርገኛል። ከኪሴ አይጠፋም።»

«ኢንሱሊን ትወጋለህ ማለት ነው። የወንድምህ መርፌ ውስጥም የተገኘው ኢንሱሊን ነው፤ የቀየርከው አንተ ነህ። ስኳሩ ወርዶ ሲያልበው፣ ሲንተባተብ፣ ምን እንደሆነ ከሁሉ ቀድመህ ታውቃለህ። አንተ ግን ‹ጠጥቶ ነው› ብለህ ሰው እንዳይገባ ከለከልክ። ለእኔ ለባዳዋ ሳልጠይቅህ የሰጠኸኝን ከረሜላ ለእናትህ ልጅ ነፈግኸው።»

«በፊት» ወደ ፖስተሩ ቀና አለ።

«እሱ በመርፌ ከስቶ የኔን ሆድ ለሰው መሳቂያ ሰቀለው። ‹ለእኔም ከመርፌው› ብዬ ለመንኩት።»

«ምን አለህ?»

«‹ሩጥ› አለኝ።»

ካቴናው ከአሰልጣኙ ወልቆ የወንድምየው እጅ ላይ ገባ። ሚስቲቱ ዕንባዋን ጠርጋ ወደ ወስፌ ጠጋ አለች።

«እባክሽ እህቴ፣ ይወጋ እንደነበር ለሰው አትንገሪብን። ነገ አዲስ ተመዝጋቢዎች ይመጣሉ።»