ነጯ ድንጋይ ያለችበት ቁልቁለት

ጃንቦሎት የተገኘው ገደሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሉ እግሩ ላይ ወድቆበት ነው። ዓይኑ ክፍት ነበር። ከገደሉ አናት፣ ከመንገዱ ዳር፣ ነጭ ቀለም የተቀባች ድንጋይ አለች። ባለፈው ዓመት የሰባት ዓመቷ ጂቤክ የሞተችው እዚያ ላይ ነው። ጂቤክ የታላቅ ወንድሙ የኦሮዝቤክ አንድያ ልጅ ነበረች። የገጫት ደግሞ ራሱ ጃንቦሎት ነው፤ በዚያው ድምፅ በሌለው ሞተር ከኋላዋ ሲመጣ አልሰማችውም።

የፖሊስ መርማሪዋ ሻምበል ቡሩልቻ አርብ ረፋድ ላይ ከናሪን ከተማ ደረሰች። ወንዶቹ ከሱፍ ድንኳኑ ውጭ ዱላ ተደግፈው እንደ ወጉ እየጮኹ ያለቅሱ ነበር። ከሁሉም የኦሮዝቤክ ድምፅ ይጎላል። ዱላውን በግራ እጁ መያዙን አየችና አለፈች።

የሟች እናት፣ ሁሉም አፓ የሚሏት አሮጊት፣ እጇን ይዛ ወደ ጥላው ወሰደቻት።

«ልጄ ራሱን አልገደለም። ኢማሙ ግን ነገሩ ካልጠራ አልሰግድበትም አለኝ። ሳይመሽ መቅበር አለብኝ። ያለ ሶላት አልቀብረውም፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ አፓ። ሰዉስ ምን ይላል?»

«ግማሹ አስጎብኚዋ አይዛዳ ናት የገጨችው ይላል። ግማሹ ጂቤክ ወሰደችው ይላል።» አሮጊቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም እሰማታለሁ። ሱፍ ስፈትል ከኋላዬ ትሮጣለች። ዞር ስል የለችም።»

ቡሩልቻ በመንፈስ የምታምን ሴት አይደለችም።

መጀመሪያ የጠየቀችው ከማዶ ፈረሶቹን የሚያግደውን ቃልማትን ነው።

«ትናንት ከሰዓት እዚሁ ነበርኩ ኤጄ፣ ታላቅ እህቴ። ነፋስ እንኳ አልነበረም፤ ዝንብ ስትበር ይሰማል። የሞተር ድምፅ ግን አልሰማሁም። ውሻዬም አልጮኸም።»

«አንተ ራስህ ሞተር የለህም?»

«አለኝ እንጂ! የአባቴ የቤንዚን ሞተር። እሷ ይህን ዳገት ስትወጣ እኮ ናሪን ያሉ ሰዎች ጆሯቸውን ይይዛሉ።» ሊስቅ ፈለገና ሳቁ ጠፋበት። «ኤጄ፣ ከዚያች ድንጋይ አጠገብ ባዝራዎቼ አይግጡም። እኔ ሌላ ምንም አልልም።»

አይዛዳ የኤሌክትሪክ ሞተሯን ባትሪዎች በፀሐይ ኃይል እየሞላች ነበር። ቡሩልቻን ስታይ ቀድማ ተናገረች።

«ድምፅ አልተሰማም፤ ድምፅ የሌለው ያላት ደግሞ እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የመጡት አይደል? ብቻዬን ነበርኩ፣ ምስክር የለኝም።»

«ጃንቦሎት ለምን ቤንዚኑን ተወ?»

«ቤንዚን እዚህ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል ኤጄ። ይሄ አያጥረውም። ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሽ የለው፤ ወፍ እየሰሙ ነው የሚወጡት። ብርድ ሲመጣ ግን ባትሪው ይሞታል፣ ተሸክመውት ይገባሉ።»

«ከገደል ሥር የወጣው ሞተር ጠፍቶ ነው የተገኘው። ሲወድቅ ይጠፋል?»

አይዛዳ ቀና አለች። «አይጠፋም። ማብሪያውን በእጅ ተጭነው ካልያዙት አይጠፋም። ጃንቦሎት ደግሞ ሲቆም ሳያጠፋ አይወርድም ነበር። ጂቤክ ከሞተች ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ድንጋይዋ ጋ ቁርዓን ይቀራላታል፤ ትናንትም ሐሙስ ነበር።»

ኦሮዝቤክ ከአልቃሾቹ ተነጥሎ መጣ። ከተራራው ማዶ የሞተር ጥገና ቤት አለው። ቀይ የቤንዚን ሞተሩ ከድንኳኑ ኋላ ቆማለች።

«ትናንት በየት መጣህ?»

«ከታች፣ በወንዙ መንገድ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ።»

«የወንድምህን ሞተር ነድተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? እጄን አስነክቼው አላውቅም።» ዓይኑ ቀላ። «ቤንዚን ከሩቅ ‹መጣሁብህ› ይልሃል። ሕፃን እንኳ ሰምቶ ዞር ይላል። ያኛው ምን ይልሃል? ምንም!»

ቡሩልቻ ከድንኳኑ ውጭ የተጠቀለለውን የሟች ልብስ ፈታች። ሰማያዊ የዝናብ ካፖርቱ ደረቱ ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ቀልጦ ተጨማዷል። ደጋግማ አየችው። ከዚያ አፓ የባዝራ ወተት አቀረበችላት።

«ትናንት የጮኹት ምን ሆነው ነው አፓ? ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ።»

«ኧረ ተይኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ! ሱፌን እየፈተልኩ ቀና ስል ኦሮዝቤክ በሩ ላይ ቆሟል። መንፈስ መስሎኝ ነው የጮኽኩት። የሱን ሞተር እኮ ከወንዙ ማዶ ነው የምለየው። ትናንት ግን ምንም አልሰማሁ።»

ቡሩልቻ ዋንጫውን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። ይህች ሴት ምን እንደተናገረች አላወቀችም፤ እንዳታውቅም በልቧ ተመኘች። ከዚያ ተራራው አናት ድረስ በእግሯ ወጣች። አናቱ ላይ፣ ሞተር የሚያቆሙበት ድንጋይ ላይ፣ ገና ያልደረቀ የዘይት ጠብታ አገኘች።

ስትመለስ ሁሉንም ከሬሳው ድንኳን ፊት ሰበሰበቻቸው። ኢማሙ ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱ አድርጎ ቆሟል።

«ጃንቦሎት ራሱን አልጣለም» አለች። «ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ወርዷል፣ ድንጋይዋ ጋ ቆሟል። ሬሳው ከወደቀ በኋላ ሞተሩን የወረወረበት ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ነድቶ የገባ እንዲመስል ማብራት እንዳለበት አላሰበም። ቤንዚን የለመደ ሰው ሞተር መነሳቱንና መጥፋቱን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ይሄኛው ደግሞ በራ ጠፋ ለጆሮ አንድ ነው። አይዛዳ ይህን ስህተት አትሠራም።»

«ድምፅ ግን አልነበረም!» አለ ቃልማት።

«አንተ ቤንዚን እንዳያልቅብህ ከአናቱ ስትወርድ ምን ታደርጋለህ?»

ቃልማት ወደ ተራራው አናት ቀና አለ። «አጠፋታለሁ። ሁላችንም እናጠፋለን። ማርሹን አውጥተን ዝም ብለን እንለቃታለን።»

«ከታች የሚመጣ ቤንዚን ይጮሃል። ከላይ የሚመጣ ግን እንደ ኤሌክትሪኩ ዝም ይላል። ማዶውን ዳገት ሲወጣ የጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ግን ቶሎ አይበርድም። የጃንቦሎት ካፖርት ቀልጧል። ኤሌክትሪክ የሚግል ቱቦ የለውም።» ወደ ኦሮዝቤክ ዞረች። «ዱላውን በግራህ ነው የያዝከው፤ ቀኝ እጅህን ትናንት በግጭቱ ነው የተጎዳኸው። ሞተርህን አስነሳልን።»

ኦሮዝቤክ ዱላውን ጥሎ ወደ ሞተሩ ሄደ፣ መርገጫውን መታ። ቀይዋ ሞተር ጮኸች። ጥቂት ቆይቶ ቱቦው ሲግል ከሥሩ ቀጭን ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ድንኳኑን ሞላው። ቡሩልቻ ጎንበስ ብላ ከቱቦው ላይ ሰማያዊ ቅርፊት በቢላ ፋቀች።

አፓ የልጇን ስም ብቻ ጠራች። ከሁለቱ የትኛውን እንደጠራች ግን አፏ ተሳስሮ አልለየም።

«ጂቤክም አልሰማችም» አለ ኦሮዝቤክ። «እሱም እንዳይሰማ ነው የፈለግሁት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።»

ኢማሙ ወደ ቡሩልቻ ቀረበ። «ሻምበል፣ አንድ ነገር። ሲመጣበት አይቶ ነበር? አይቶ ቆሞ ከጠበቀው፣ ራሱን እንደገደለ…»

ኦሮዝቤክ ቀና ብሎ ሻምበሏን አያት። እሷ ካፖርቱን የቀለጠው ደረቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጋ አጠፈችው።

«አላየም» አለች። «ጀርባውን ሰጥቶ ይቀራ ነበር።»

ሰገዱበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩት። አፓ ከመቃብሩ ስትመለስ የቡሩልቻን እጅ ስማ ወደ ድንኳኗ ገባች።

ወደ ናሪን በአናቱ በኩል ሄዱ። አብሯት የመጣው ፖሊስ መኪናዋን ይነዳል፣ ኦሮዝቤክ ካቴና ገብቶለት ከኋላ ከቡሩልቻ ጎን ተቀምጧል።

«ለምን ዋሹ?» አላት።

«ለእናትህ ነው። ለፍርድ ቤቱ ያየሁትን እጽፋለሁ።»

«ጠጠሩን ሰምቶ ዞረ። መንገዱ ሰፊ ነበር፤ አንድ እርምጃ ቢራመድ ባለፍኩት። አልተራመደም። እኔም መሪውን አላዞርኩም።»

አናቱን አለፉ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሾፌሩ እንደ አገሩ ልማድ ሞተሩን አጠፋና መኪናዋን ለቀቃት። ከጎማው በታች ጠጠር ብቻ ይሰማ ነበር።

ኦሮዝቤክ ካቴና በገባበት እጁ የፊቱን ወንበር ጨመደደ።

«አስነሳው! በአላህ፣ ሞተሩን አስነሳው!»

ሾፌሩ ግራ ተጋብቶ ሻምበሏን በመስታወት አያት። እሷም ሕፃን ልጅ የቆመች ይመስል ወደ መንገዱ ዳር እያየች ነበር።

«አስነሳው» አለችው።