መኪናዬ የጀመረችው ጃፓንኛ

ወላሂ፣ ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች ቪትዝ መኪናዬ ከነሞተሯ አህያ ትሁን!

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ሂክማ ፈላና በር ከሚባለው የከተማችን ግንብ መግቢያ አጠገብ ሦስት ሺህ ሰው መሃል ቆማ ነበር። መንገዱ ሁለት አህያ ጎን ለጎን አያሳልፍም የሚል ካለ መጥቶ ይለካ። ፊት ለፊቷ፣ የድንጋይ ደረጃ ላይ፣ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ተቀምጠዋል። ከጓደኞቻቸው ተለይተው መንገድ ጠፍቷቸዋል። ፊታቸው ኖራ መስሏል፤ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኗል። ከጤና ኬላ ተጠርታ የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር ፀሐይ፣ መርፌ አዘጋጅታ አጠገባቸው ተንበርክካለች።

«ሂክማዬ፣ ቶሎ ጠይቂልኝ» አለች። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ሰውነታቸው የማይቀበለውስ? ሳላውቅ ብወጋቸው ሊጎዱብኝ ይችላሉ።»

አሮጊቷ ደረታቸውን ነክተው፣ እጃቸውን እያርገበገቡ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» ሦስት ሺው ሕዝብ ሂክማን አያት።

ለምን እሷን? እኔ አጎቷ ነስሮ ልንገራችሁ። ቪትዜ ከጃፓን የመጣች ናት። ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር አንዲት ሴት ከውስጧ ታናግረኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ «በሰላም ያግባህ» እያለች የምትመርቀኝ መስሎኝ «አሚን!» እያልኩ ነዳሁ። ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ሂክማ ግን የሰማችውን በአማርኛ ፊደል ደብተሯ ላይ ጽፋ፣ ስልኳ ላይ ባለው መዝገበ ቃላት ሳምንት ሙሉ ስትፈልግ ከረመች።

«አጎቴ፣ ‹ካርዱ አልገባም› ነው የምትለው።»

«የምን ካርድ?»

«የመንገድ መክፈያ። እዚያ አገር።»

ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ከጃፓንኛ የመለሳት የለም። ትምህርት ቤት ስትሄድ ደረጃውን «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን» እያለች ትቆጥራለች። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ «ሚጊ»፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ «ሂዳሪ»። ገበያ ውስጥ ለቲማቲሙ ሰላምታ ስትሰጥ ጓደኛዋ ዋፊቃ በሃፍረት ትሞታለች።

«አቦ፣ ቲማቲሙ ይመልስልሻል? ሰው እያየን እኮ ነው!»

«ካልደጋገምኩት ይጠፋኛል። አንቺም በይ፤ ኮንኒቺዋ።»

«እኔ? ሙድ እንዲያዝብኝ?»

በስድስት ወር ውስጥ፣ አሳንሼ ልናገር፣ ቋንቋውን ከነአጥንቱ ዋጠችው። እኔም ለባጃጅ ሹፌሩ፣ ለባለ ሱቁ፣ ከከተማ ውጭ ላለው ለድሬ ጠያራ ገበሬ ሳይቀር አወራሁት። ስለዚህ አሮጊቷ ሲጠፉ የፈላና በር ሰው ባንድ አፍ «ሂክማን ጥሯት!» አለ። ስልክ ላይ እንዳይተረጉሙ ደግሞ ኔትወርክ የለም።

ሂክማ ከዚያ ሁሉ ንግግር «ኩሱሪ» የምትለዋን ቃል ለይታ ሰምታለች፤ መድኃኒት ማለት ነው። ግን እወስዳለሁ ነው ያሉት? አልወስድም? ወይስ የሚጎዳኝ መድኃኒት አለ?

«ገብቶሻል?» አለቻት ዋፊቃ በጆሮዋ።

«ትፎግራለች እንዴ?» አለ ስልኩን ደቅኖ የሚቀርጽ አንድ ጎረምሳ።

«በይ እንጂ! የአጎትሽን አንገት እንዳታስደፊ!» አልኩ ከኋላዋ።

ሲስተር ፀሐይ መርፌውን እንደያዘች ትጠብቃለች። ሂክማ «ችግር የለም ብለዋል፣ ይውጓቸው» ብትል ማን ያውቅባታል? ከሷ በቀር ጃፓንኛ የሚሰማ የለም።

ያኔ አፏን ከፈተች፤ ጃፓንኛው እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደ! ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳትተነፍስ ተናገረች። አሮጊቷ ከተወለዱ ጀምሮ የታመሙትን በሽታ ሁሉ ነገሯት፤ እሷም አንድ በአንድ ተረጎመች። ሲስተር ፀሐይ ወጋቻቸው። አሮጊቷ ዘለው ተነሱና «እንዲህ ያለ ጃፓንኛ ቶኪዮ ውስጥም ሰምቼ አላውቅ!» ብለው አለቀሱ።

እስከዚህ ያለውን ጽፌ ስጨርስ፣ አርብ ከምሳ በኋላ ለቤተሰቡ አነበብኩት። «ማሻአላህ!» ተባለ። ጎረቤታችን አቶ ዓብዱላሂ ሂክማን እንደ ዶክተር ያዩዋት ጀመር።

«ሁለቱን ሴት ልጆቼን አስተምሪልኝ» አሏት። «እንዳንቺ አቀላጥፈው እንዲናገሩ።»

ሂክማ ፊቷ ቀላ። ምንጣፉን አየች።

«አጎቴ፣ እንደዚያ አልነበረም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ቃል ብቻ ነው ያልኩት።»

«የቱን?»

«‹ዋካሪማሰን።› አልገባኝም ማለት ነው። ለሳቸው እሱን አልኩ። ለሲስተር ደግሞ ‹አልገባኝም፣ እንዳይወጓቸው› አልኩ። ሰው ሳቀ። ያ ልጅ ቀርጾኛል። ሲስተር መርፌውን አስቀመጡት። እኔና ዋፊቃ ሮጠን አስጎብኚያቸውን ከሌላው መንገድ አመጣነው። እሱ ሲያናግራቸው ነው ያ መርፌ እንደማይስማማቸው ያወቅነው።»

«እኔስ? ከኋላሽ ሆኜ…»

«እርስዎ አልነበሩም። ድሬ ጠያራ ነበሩ።»

ሂክማ ወደ አቶ ዓብዱላሂ ዞረች።

«ቁጥር፣ ሰላምታ፣ ቀኝና ግራ ላስተምራቸው እችላለሁ» አለቻቸው። «ከዚያ በላይ ያለውን እኔም ገና እየተማርኩ ነው። ከፈለጉ ልጆቹ ነገ ይምጡ።»